አንድ ስላይድ፣ ሁለት ቁጥር፦ በቆዳ ውስጥ ማስት ሴልን መለየትና መቁጠር

ጥያቄው፦ «ደሴ ላይ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚያሳክክ የቆዳ ችግር ካለባቸው ሰዎች የተወሰዱ ባዮፕሲዎች ላይ ማስት ሴል (ማሳከክ የሚያስነሱ ኬሚካሎችን የያዘውን የበሽታ መከላከያ ሴል) እቆጥራለሁ። የማቀልመው በቶሉዲን ብሉ ነው። ያንኑ ስላይድ ኮምቦልቻ የሚሠራ ጓደኛዬ እንዲቆጥርልኝ ሰጠሁት። በ40 ኦብጀክቲቭ እኔ በአንድ ፊልድ በአማካይ 12 አገኘሁ፣ እሱ ግን 8። አማካሪዬ ‹ከሁለታችሁ አንዳችሁ ማስት ሴልን አታውቁትም› አሉኝ። የኔ አይፒስ ላይ 10×/22 ይላል፣ የሱ ላይ 10×/18። ይሄ ለውጥ ያመጣል? ማስት ሴል መሆኑንስ በምን እርግጠኛ ልሁን? ጤነኛ ቆዳ ላይ ያለው ቁጥርስ ስንት ነው?»

እህቴ፣ አብሽሪ። የመጀመሪያውን መልስ አይፒሱ፣ ማለትም ዓይንሽን የምታስጠጊበት ሌንስ ላይ ራስሽ አንብበሽዋል።

ከማባዣው ቀጥሎ ያለው 22 እና 18 ፊልድ ነምበር ይባላል። እሱን በኦብጀክቲቩ (ከስላይዱ በላይ ባለው ሌንስ) ማጉሊያ ቁጥር ስታካፍዪው የምታዪው ክብ ስፋቱ፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት በሚሊሜትር ይወጣል። ያንቺ 22 ለ40 ሲካፈል 0.55 ሚሊሜትር ነው። የጓደኛሽ 18 ለ40 ሲካፈል 0.45 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የክቡን ጠቅላላ ስፋት ስታሰዪ ግን ያንቺ 0.238 ካሬ ሚሊሜትር፣ የሱ 0.159 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። አንቺ በአንድ እይታ ከሱ በግማሽ ያህል የሚበልጥ ቆዳ ታያለሽ ማለት ነው።

አሁን 12ን ለ0.238 አካፍዪ። 50 ገደማ። 8ን ለ0.159 አካፍዪ። እሱም 50 ገደማ። ሁለታችሁ የቆጠራችሁት አንድ ነው! የተለያየው መስኮቱ እንጂ ዓይናችሁ አይደለም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «በአንድ ፊልድ ይህን ያህል» ብለሽ አትጻፊ። «በካሬ ሚሊሜትር» በዪ። ፊልድ እያንዳንዱ ማይክሮስኮፕ ላይ ሌላ ነው፤ ስፋቱ ያልተነገረለት ቁጥር ደግሞ ከማንም ጥናት ጋር ሊወዳደር አይችልም።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። አንዳንድ ማይክሮስኮፖች በአይፒሱና በኦብጀክቲቩ መካከል ሌላ ማጉያ አላቸው፣ ለምሳሌ 1.25። እንደዚያ ከሆነ ስሌቱ ይዛባል። ስቴጅ ማይክሮሜትር (መለኪያ የተቀረጸበት ስላይድ) ፈልጊና የሁለታችሁንም ፊልድ በትክክል ለኪው። ተውሰሽም ቢሆን።

አማካሪሽ መጠራጠራቸው ግን ተገቢ ነው። ሁለት ሰው መስማማቱ ሁለቱም ትክክል ናቸው ማለት አይደለም። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት የተሳሳተ ሴል እየቆጠራችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ማስት ሴልን በመጀመሪያ ለይቶ የገለጸው ፖል ኤርሊክ ነው፤ በ1878 ለዶክትሬቱ በጻፈው ጽሑፍ። መሣሪያው ያኔ አዲስ የነበሩት የአኒሊን ቀለሞች ነበሩ። ለጨርቅ ማቅለሚያ የተሠሩ ቀለሞች ናቸው፤ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ለሆነችው ለኮምቦልቻ ልጅ ይሄ ደስ የሚል ታሪክ ነው። እሱ ያየው ነገር ዛሬም አንቺ ስላይድ ላይ ያለው ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ጨምረሽ ሴሉ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል።

ለምን? የማስት ሴል ግራኑሎች፣ ማለትም ሴሉን የሞሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ውስጥ ሄፓሪን አለ። ሄፓሪን በሰልፌት የተሞላ ነው፤ ሰልፌት ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። የቶሉዲን ብሉ ሞለኪውሎች ፖዚቲቭ ስለሆኑ እዚያ ላይ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። እንዲህ ሲደራረቡ የሚመጥጡት ብርሃን ይለወጥና ቀለማቸው ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሐምራዊ ይዞራል። ሜታክሮማዚያ የሚባለው ይሄው ነው። ኒውክለስ ላይ ያረፈው ቀለም ግን ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የምትፈልጊው በአንድ ሴል ውስጥ ሁለት ቀለም ነው፤ መሃሉ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ሐምራዊ።

ይሄ የሚሠራው ግን ቀለሙ በቂ አሲድ ሲሆን ብቻ ነው። ፒኤቹ ከ2.0 እስከ 2.5 መሆን አለበት፤ እኔ 2.3 አካባቢ እወዳለሁ። በዚህ ደረጃ ካርቦክሲል ያላቸው ሌሎች ነገሮች ቻርጃቸውን ያጣሉ፣ ሰልፌቱ ብቻውን ይቀራል። ፒኤቹ ከፍ ሲል ዳራው ሁሉ ሰማያዊ ይሆንና ሴሉ ይደበቃል። አሠራሩ ቀላል ነው። 1 ግራም ቶሉዲን ብሉ በ100 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አሟሚ፤ ይሄ ስቶክሽ ነው። ከሱ 5 ሚሊ ሊትር ወስደሽ 45 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ የጨው ውሃ ላይ ጨምሪ። የጨው ውሃው በዲስቲልድ ውሃ የተሠራና አስቀድሞ በአሲድ የተስተካከለ ይሁን። የቧንቧ ውሃ አትንኪ። ይሄን የሚሠራበትን መፍትሔ በየቀኑ አዲስ አዘጋጂ፣ የተረፈውን ድፊው። ስላይዱ ውስጡ የሚቆየው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው።

በአሴቲክ አሲድ የምታስተካክዪ ከሆነ አንድ የደሴ ጉዳይ አለ። ግላሻል አሴቲክ አሲድ ከ16.6 ዲግሪ በታች ይረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ በረዶ መስሎ ካገኘሽው አልተበላሸም። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጪው፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ቀላቅለሽ ተጠቀሚ። ግማሹ ረግቶ እያለ አትቅጂ። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማስተካከል ደግሞ ከዚህ ጣጣ ያድንሻል፤ ወደ 2.3 ማውረዱም ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ከማቅለሙ በኋላ ነው። አልኮል ሐምራዊውን ያጥበዋል። በ95 እና በ100 በመቶ አልኮል ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል ነከር ነከር አድርጊና ቶሎ ወደ ዛይሊን አሳልፊው። ስልክ ሊያነሳ ሄዶ ስላይዱን አልኮል ውስጥ የተወ ሰው ሲመለስ ማስት ሴል የሌለበት ቆዳ ያገኛል። እውነቱ ሴሉ አለ፤ የጠፋው ቀለሙ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ማረጋገጫ ስላይድ አብረሽ አስገቢ። ኒውሮፋይብሮማ ጥሩ ነው። ማስት ሴል የበዛበት ዕጢ ነው፣ በየፓቶሎጂ ክፍሉም ብሎኩ አይጠፋም። እሱ ላይ ሐምራዊ ካላየሽ የዚያን ዙር ስላይዶች አትቁጠሪ።

አሁን ስላይዱን አስቀምጪና አብረን እንይ። በ10 ኦብጀክቲቭ ጀምሪ። ኤፒደርሚስ፣ የቆዳው የላይኛው ንጣፍ፣ ከላይ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይታያል። ከሱ ዝቅ ብሎ፣ በላይኛው ደርሚስ (ከሥሩ ባለው ንጣፍ)፣ ትንንሽ የደም ሥሮች አሉ። ሐምራዊ ነጠብጣቦቹ እነሱን ከበው ታገኚያቸዋለሽ። በላብ ዕጢ፣ በፀጉር ሥርና በነርቭ ዙሪያም አሉ። ወደ 40 ስታልፊ ሴሉ ክብ ወይም ሞላላ ነው፣ አንዳንዴ በኮላጅን መካከል ተጨምቆ ቀጭንና ረጅም ይሆናል። ኒውክለሱ አንድ ነው፣ ክብ ወይም ሞላላ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ። ዙሪያውን ግራኑሎቹ ጆንያ ውስጥ እንደታጨቀ ጤፍ ሞልተውታል። ፋይን ፎከሱን ቀስ ብለሽ ወደ ላይና ወደ ታች አዙሪ፤ ግራኑሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ታያለሽ። ይሄን እንቅስቃሴ ልማድ አድርጊው። ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ጥላና እውነተኛ ማስት ሴል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በተለመደው የፓቶሎጂ ማቅለሚያ፣ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን፣ ብቻ ባትቆጥሪ እመርጣለሁ። የማስት ሴል ዋናው ገጽታ እዚያ ላይ አይጎላም። ቀጭኑ ፋይብሮብላስት ይመስላል፣ ክቡ ፕላዝማ ሴል ወይም ማክሮፌጅ ይመስላል። የሰለጠነ ዓይንም ብዙ ያመልጠዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ልብ እንድትዪ የምፈልገው ሜላኒንን፣ ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠውን ነገር፣ ነው። ስለ እሱ መጻሕፍቱ በአንድ መስመር ያልፋሉ፤ የኛ ቆዳ ላይ ግን የየቀኑ ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ የታከከ ቆዳ ሜላኒኑን ወደ ታች ያፈስሳል። ማክሮፌጆች ይበሉትና በላይኛው ደርሚስ፣ በደም ሥር ዙሪያ ይቀመጣሉ። ማስት ሴል የሚቀመጥበት ቦታ ማለት ነው! በጥራጥሬ የተሞላ፣ ሞላላ፣ ጠቆር ያለ ሴል። ለጀማሪ መንታው ነው። መለያው ቀለሙ ነው፤ ሜላኒን በቶሉዲን ብሉ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ አረንጓዴ ቡናማ ያደላል፣ ሐምራዊ አይሆንም። ጥራጥሬውም መጠኑ አንድ አይደለም፤ ትልቅም ትንሽም ይቀላቀላል። የተጠራጠርሽበት ብሎክ ካለ አንድ ቁራጭ ቆርጠሽ ያለ ምንም ቀለም በዛይሊን አሳልፈሽ ሸፍኚውና እዪው። ምንም ሳይቀባ ቡናማ የሆነው ማስት ሴል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሜላኒን ነው። ነገሩ ግልጽ ይሆንልሻል።

ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ የምትጠቀሚ ከሆነ በኛ አካባቢ ሌላም አለ። ቦሩ ሜዳ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነውና ከዚያ የመጣ የቁንጭር ስላይድ አይተሽ ይሆናል። የሊሽማኒያ ጥገኛ ተሕዋስያን ማክሮፌጅ ውስጥ ተሞልተው ሲታዩ ከሩቅ ግራኑል ይመስላሉ። ጠጋ ስትዪ ግን እያንዳንዱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው፣ ውስጡም ኒውክለስና አጠገቡ በትር የመሰለ ኪኔቶፕላስት አለው። የማስት ሴል ግራኑል ከ1 ማይክሮን ያንሳል፣ ውስጡም ምንም አይታይም። በዘይት 100 ኦብጀክቲቭ አረጋግጪ።

ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ (በአንቲቦዲ ማቅለም) ማሠራት ከቻልሽ የማስት ሴሉን ኢንዛይም፣ ትሪፕቴዝን፣ ምረጪ። የሰው ቆዳ ማስት ሴል በትሪፕቴዝ የተሞላ ነው፣ ግራኑሉ በከፊል የወጣበትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይያዛል። ሲዲ 117 የሚባለው ሌላው መለያ ጥሩ ነው፤ ግን ሜላኒን የሚሠራውን ሜላኖሳይትንም ያቀልማል። ስለዚህ ኤፒደርሚስ ውስጥ ያለውን አትቁጠሪ። የተለመደው የማቅለሚያው የመጨረሻ ቀለም ቡናማ መሆኑንም አትርሺ፤ በሜላኒን መካከል ቡናማ መፈለግ ዓይን ያደክማል። ቀይ የሚሰጠውን ኤኢሲ ጠይቂ። ካልተገኘ በመጨረሻ በጊምሳ ዳራውን ማቅለም ይረዳል፤ ሜላኒኑ ወደ አረንጓዴ ሲዞር ቡናማው ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከፍታችንም ይመጣል። ብዙ አንቲቦዲዎች ቁራጩ ከ95 ዲግሪ በላይ በሆነ መፍትሔ ውስጥ እንዲሞቅ ይፈልጋሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ሆና 94 አካባቢ። ክፍት ድስት ላይ የፈለገውን ያህል ብታፈዪው ከዚያ አያልፍም። ቀለሙ ደከመ ብለሽ አንቲቦዲውን ከመርገምሽ በፊት በፕሬዠር ኩከር ሞክሪው። ሁሉንም ስላይድ እንዲህ ማሠራት ውድ ነው። ጥቂቶቹን አሠሪና ከቶሉዲን ብሉ ቆጠራሽ ጋር አስተያዪ፤ ያ ለአማካሪሽ ጥያቄ ጠንካራው መልስ ነው።

ወደ ቆጠራው እንመለስ። ከመጀመርሽ በፊት ሕጉን ጻፊው፣ ጓደኛሽም ይፈርምበት። ምን ይቆጠራል? የኔ ምርጫ ኒውክለሱ የታየና ሐምራዊ ግራኑል ያለበት ሴል ብቻ ነው። ተበትኖ የወደቀ ግራኑል ሴል አይደለም፤ ለብቻው መዝግቢው፣ ጠቃሚ መረጃ ነው። ግራኑሉ ከመብዛቱ የተነሳ ኒውክለሱ የተሸፈነ ሴል ካጋጠመሽስ? ወይ ሁሌ ቁጠሪው ወይ ሁሌ ተዪው። ስላይድ ላይ ቁጭ ብሎ መወሰን ነው የሚያበላሸው። ጫፍ ላይ ያለውን ደግሞ ነጭ የደም ሴል ስትቆጥሪ የምታውቂውን ሕግ ተከተዪ፤ የላይኛውንና የግራውን መስመር የነካ ይቆጠራል፣ የታችኛውንና የቀኙን የነካ ይተዋል። ለዚህ አይፒስ ውስጥ የሚገባ ባለ አራት ማዕዘን ግሪድ ከክቡ ይሻላል።

«አሥር ፊልድ ቆጠርኩ» የሚለው የተለመደ አጻጻፍም ያሳስበኛል። ባዮፕሲሽ 4 ሚሊሜትር ፓንች ከሆነ፣ ያንቺ ፊልድ 0.55 ከሆነ፣ በኤፒደርሚስ ሥር ጎን ለጎን የሚገባው ሰባት ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ከየት መጡ? ወይ ጥልቁ ደርሚስ ውስጥ ገብተሻል፣ ወይ የተቆጠረ ቦታ ደግመሻል። ጥልቁ ደርሚስ ደግሞ ማስት ሴሉ ሳሳ ያለ ነው፤ አማካይሽን ያወርደዋል። የላይኛውንና የታችኛውን ለየብቻ ቁጠሪ። ተጨማሪ ፊልድ ከፈለግሽ ከዚያው ብሎክ ሌላ ደረጃ ላይ ቁረጪ። ግን ተከታታይ ቁራጭ አትጠቀሚ፤ አንድ ማስት ሴል ከ10 ማይክሮን በላይ ስለሚረዝም ሁለት ሦስት ቁራጭ ላይ ይገኛል። በ4 ማይክሮን የምትቆርጪ ከሆነ በመካከል አሥር ያህል ቁራጭ ዝለዪ። ፊልዱ ውስጥ የገባውን የኤፒደርሚስና የፀጉር ሥር ስፋትም ቀንሺ። «ማስት ሴል የበዛበትን መረጥኩ» የሚባለውን ደግሞ ተዪው። ከግራ ጀምረሽ እስከ ቀኝ ሂጂ፣ ባዶ የሆነውም ፊልድ ይቆጠር።

የቁራጩ ውፍረትም ቁጥር ይለውጣል። ኒውክለሱ 6 ማይክሮን ነው እንበል። በ4 ማይክሮን ቁራጭ ላይ የመታየት ዕድሉ ከ4 ሲደመር 6 ጋር ይመጣጠናል፣ ማለትም 10። በ7 ማይክሮን ላይ 13 ይሆናል። ቆዳው ሳይለወጥ ቁጥሩ በ30 በመቶ ጨመረ! ስለዚህ ሁሉም ስላይድ በአንድ ማይክሮቶም፣ በአንድ ውፍረት ይቆረጥ፤ ውፍረቱም ጥናትሽ ላይ ይጻፍ።

ናሙናው ሲወሰድ የሚሆነውም ላብ ላይ ይወጣል። ማስት ሴል ሲነካ የሚፈነዳ ሴል ነው። ቦታው ከታሸ፣ በፎርሴፕስ ከተጨመቀ፣ ማደንዘዣው ቁስሉ ውስጥ ከተወጋ ግራኑሉ ይወጣል፣ አንቺም ያለውን የለም ትያለሽ። ማደንዘዣው ዳር ዳሩን ይሁን። ናሙናው ወዲያው ባፈሩ የተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ ፎርማሊኑም ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ናሙና በሳላይን ተነክሮ መምጣት የለበትም። ሳምንታት ፎርማሊን ውስጥ የከረመም ቀለሙ ይደክማል።

ታካሚዎቹንም ስለ ክሬም ጠይቂ። ኃይለኛ ስቴሮይድ ክሬም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የቆዳውን ማስት ሴል ቁጥር ይቀንሳል። ሲያሳክከው ወይም ፊቱን ሊያቀላ ከፋርማሲም ከሱቅም ገዝቶ የሚቀባ ሰው ሞልቷል፤ «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ስትዪው «አልወስድም» ይልሻል፣ ክሬምን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውማ። ስሙን ሳይሆን ቲዩቡን አሳዩኝ በያቸው።

ስለ ስሌቱ አጭር ነገር። ያንቺንና የጓደኛሽን ቁጥር በኮሪሌሽን ብቻ አታወዳድሪ። አንዱ ሁልጊዜ የሌላውን አንድ ተኩል እጥፍ ቢቆጥር ኮሪሌሽኑ 1 ይወጣል፣ ስምምነት ግን የለም። የናንተው ታሪክ ምስክር ነው። ብላንድና አልትማን በ1986 ያሳዩትን ዘዴ ተጠቀሚ፤ የሁለታችሁን ልዩነት ከአማካያችሁ አንጻር አስቀምጪ። ስላይዶቹም በኮድ ይሁኑ፤ ታካሚው ይሁን ጤነኛው ሳታውቂ ቁጠሪ።

ጤነኛ ቆዳ ላይ ስንት ነው ላልሽው አንድ ቁጥር አልሰጥሽም፣ ምክንያት አለኝ። ማስት ሴል በሰውነት ላይ እኩል አልተበተነም። ፊት ላይና ወደ እጅና እግር ጫፍ ይበዛል፣ ሆድና ክንድ አካባቢ ይሳሳል። የታካሚን እግር ከሌላ ሰው ሆድ ጋር ብታወዳድሪ ምንም በሽታ ሳይኖር ልዩነት ታገኛለሽ። ከሌላ አገር ጥናት የተወሰደ ቁጥርም በሌላ ቀለም፣ በሌላ ውፍረት፣ በሌላ ፊልድ የተቆጠረ ነው። ማነጻጸሪያሽ እዚሁ፣ ከተመሳሳይ የሰውነት ክፍል፣ በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ሰዎች የተወሰደ፣ አንቺው በዚያው ቀን ያቀለምሽው ቆዳ ይሁን። ለሌላ ጉዳይ ተቆርጦ ከተቀመጠ ብሎክ ዳር ላይ ጤነኛ ቆዳ ይገኛል፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱን አስቀድመሽ አስጨርሺ።

በመጨረሻ፣ ቁጥሩ ከፍ አለ ብለሽ «ማስቶሳይቶሲስ» (ማስት ሴል ከመጠን በላይ የሚበዛበት በሽታ) ብለሽ እንዳትጽፊ። ሥር የሰደደ ማሳከክ ራሱ ማስት ሴልን ያበዛል። ማስት ሴሎቹ ተበታትነው ሳይሆን ተጣብቀው እንደ ምንጣፍ ደርሚሱን ሞልተው ካገኘሽ፣ ወይም ታካሚው ሲታሽ የሚያብጥ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ሰው ከሆነ፣ ኮዱን ከፍተሽ ለአማካሪሽና ለቆዳ ሐኪሙ በዚያው ቀን ንገሪ። የደም ትሪፕቴዝና የኪት ጂን ምርመራ ይፈልጋል። ጥናቱ ላይ አንድ ሰው ቢጎድልብሽ ምንም አይደለም።